ከደረስጌ እስከ አባ እንጦንስ፤ የግድግዳ ሥዕልና ግድግዳው

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ዘልቆ በጃናሞራ ደረስጌ ማርያምን ቢሳለም፣ በሥዕል ያጌጠ መቅደስ ይጠብቀዋል። ደብሩን ያሠሩት ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በግንባታው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ተካፋይ ነበር። ደጃዝማቹ ዘውድ ሊጭኑበት ያሰቡት ደብር እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው ለእስር ተዳረጉ፤ በዚያው ደብር ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉት ባለ ድሉ ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነው።

በጎንደርና በአካባቢዋ የመቅደስ ግድግዳ ለሁሉ የተዘረጋ መጽሐፍ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ታሪኩን የሚከታተለው በዓይኑ ነው። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ሲሣል፣ ክፉው በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሣላል። ያሠራው መኰንንም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል። ትሕትናው ለሰማይ ቢሆንም ስሙን የሚያነበው የምድር ሰው ነው።

የሥዕሉ አሠራር ራሱ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ብዙውን ጊዜ ሠዓሊው ቀለሙን የሚያሳርፈው በጭቃና በጭድ በተለሰነው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። የተለጠፈም ሊላጥ ይችላል። ይህም በጎንደር በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በተግባር ታየ። ቤተ ክርስቲያኑ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጎንደር ደረሰ። የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አምሳያቸውን ሠራ፤ የጥንቶቹ ሥዕሎች ከግድግዳው ተላጥተው ወደ ፓሪስ ሄዱ፣ በምትካቸው አዲሶቹ ቀሩ። ዛሬ የጥንቶቹ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

ያኔ ሥዕሎቹን ከጥፋት ማዳን ነው የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር። በእርግጥም ጨርቁ ከእርጥበት ድኗል። ይሁን እንጂ የመልአኩ ሰይፍ የሚጠብቀው በር እዚያ የለም፤ ካህኑም በፊቱ አያጥንም። ልውውጡ እኩል ነበር የሚል ሰው ሁለቱን ግድግዳዎች አስተያይቶ ይፍረድ።

የደረስጌው ሥዕል ከግድግዳው አልተለየም። ስለዚህ ጥበቃው ከሙዚየም ሥራ ይልቅ የጣሪያ ሥራ ነው። በሰሜን ደጋ ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ውሃው ልስኑን ያረጥበዋል፣ ልስኑ ሲያብጥ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ይገነጠላል። ለዚህ ከሠዓሊው አስቀድሞ የሚጠራው ጣሪያ የሚጠግነው ባለ ሙያ ነው፤ እርሱም ከሰኔ በፊት መድረስ አለበት።