የጦር ሕግና ተጠያቂነት፤ የጃማይካ ነገር በ1865

አንድ አገረ ገዥ የጦር ሕግ ዐውጆ ሕዝብ ካስገደለ በኋላ፣ ሰላም ሲመለስ ለማን መልስ ይሰጣል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በጃማይካ የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1865 በጃማይካ ባርነት ከቀረ አንድ ትውልድ ያህል ሆኖት ነበር። ይሁን እንጂ ከነጻ ወጪዎቹ ብዙዎቹ በቂ መሬት አልነበራቸውም፤ የመምረጥ መብትም የነበረው ለጥቂቶች ብቻ ነበር። በኦክቶበር 11 ቀን ፖል ቦግል የተባለ የባፕቲስት ዲያቆን ብዙ ሰው አስከትሎ ወደ ሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ሄደ። የሚሊሺያ ወታደሮች ተኩሰው 7 ሰዎች ገደሉ፤ ሕዝቡም ፍርድ ቤቱን አቃጠለ፤ ከባለሥልጣኖቹና ከሚሊሺያው ወገን 18 ሰዎች ተገደሉ።

አገረ ገዥው ኤድዋርድ ኤር በኦክቶበር 13 ቀን ከኪንግስተን ከተማ በቀር በሰሪ አውራጃ ላይ የጦር ሕግ ዐወጀ። ዐዋጁ አንድ ወር ቆየ። በኋላ ከእንግሊዝ አገር የተላኩት መርማሪዎች እንዳረጋገጡት 439 ሰዎች ተገደሉ፤ 600 ተገረፉ፤ 1,000 ቤቶች ተቃጠሉ።

የኤር ደጋፊዎች «ወታደሩ ጥቂት ነበረ፤ ዐመፁ ደሴቱን ሁሉ እንዳያዳርስ ያስፈራ ነበር» ይላሉ። መርማሪዎቹም የመጀመሪያውን ፈጣን እርምጃ አመስግነዋል። ነገር ግን አደጋ የመጀመሪያውን ቀን ያስረዳ እንደ ሆነ እንጂ ሠላሳኛውን ቀን አያስረዳም። ይልቁንም የጆርጅ ዊልያም ጎርደን ነገር ምክንያቱን ያፈርሰዋል። ጎርደን የምክር ቤት አባልና የኤር ነቃፊ ሲሆን፣ የተያዘው የጦር ሕጉ በማይደርስባት በኪንግስተን ነበር። ኤር በመርከብ ወደ ሞራንት ቤይ አስወሰደው፤ በዚያም የጦር ፍርድ ቤት ፈረደበትና በኦክቶበር 23 ቀን ተሰቀለ። ሰውየው ቀድሞውኑ እስረኛ ስለ ነበረ በመደበኛ ዳኞች ፊት ለማቅረብ የሚከለክል አስቸኳይ ነገር አልነበረም። ስለዚህ እዚህ ላይ ሕጉ ወደ ሰውየው አልሄደም፤ ሰውየው ወደ ሕጉ ተወሰደ እንጂ።

መርማሪዎቹ ዐዋጁ ከሚገባው በላይ መቆየቱን፣ ቅጣቱም ከልክ ማለፉን በ1866 ገለጡ፤ ኤርም ከሹመቱ ተሻረ። መንግሥቱ ግን ስላልከሰሰው፣ በጆን ስቱዋርት ሚል የሚመራ ማኅበር ክሱን ተያያዘው። ቶማስ ካርላይልና ቻርልስ ዲክንስ ደግሞ ለኤር ቆሙ። በ1867 ጎርደንን ባስፈረዱት መኮንኖች ላይ፣ በ1868 በራሱ በኤር ላይ የቀረበውን ክስ የእንግሊዝ ጁሪዎች ሳይቀበሉት ቀሩ።

የቀረው መንገድ የጉዳት ካሳ መጠየቅ ነበር። ፊሊፕስ የተባለ የጃማይካ ሰው ስለ ደረሰበት እስራትና ግርፋት ኤርን በእንግሊዝ አገር ከሰሰ። የኤር መልስ አጭር ነበር፤ የጃማይካ ምክር ቤት ዐመፁን ለማጥፋት በቅን ልቡና የተሠራውን ሁሉ ከክስ ነጻ የሚያደርግ ሕግ አውጥቷል የሚል ነው። ያንን ሕግ ያጸደቀው ግን ራሱ ኤር ነበር! ሆኖም በ1870 ፍርድ ቤቱ ሕጉን ተቀብሎ ለኤር ፈረደ። በ1874 ደግሞ ጡረታ ተሰጠው።

እንግዲህ እውነቱ አልተሸሸገም፤ የሙታኑ ቁጥር እንኳ ታትሟል። የጐደለው ምርመራ ሳይሆን ፍርድ ነበር። በአገራችን ባላገሩ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት የሚቆመው፣ ሕግ ከጠሪውም ከተጠሪውም በላይ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ተከሳሹ የራሱን ምሕረት በራሱ ፊርማ የሚያጸድቅ ከሆነ ግን ያ ጥሪ የሚያቆመው ደካማውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጦር ሕግን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዐዋጁን ብቻ ሳይሆን፣ ከዐዋጁ በኋላ የወጣውን ሕግና የፈረመበትን እጅ ጭምር መመርመር ይገባዋል።