ወህኒ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ጠበቃ ሆኗል፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ በመካከለኛው ዘመን የኛ ነገሥታት ወንጀለኛን የት ነበር የሚያስሩት?» አጭሩ መልስ «ብዙም አያስሩም ነበር» የሚል ነው። ረጅሙን ግን ሌሎቻችሁም እንድታነቡት እዚህ ልጻፈው። ቡናችሁን ያዙ።

በዚያ ዘመን እስር እንደ ዛሬው ዋና ቅጣት አልነበረም። ሌባ ይገረፋል ወይም አካሉ ይቆረጣል። ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጣል፤ ደም ይመልሱበታል ወይም ካሳ ይቀበሉታል። ንጉሥን በአደባባይ የገሠጸ መነኩሴ ይጋዛል። ጥፋተኛን ዓመታት እየቀለቡ ማስቀመጥ ለገበሬውም ለቤተ መንግሥቱም ትርጉም የማይሰጥ ወጪ ነው። ፍርድ የሚጠብቀውን ሰው ደግሞ ራሱ ከሳሹ ነበር የሚጠብቀው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዘለቀው የቁራኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ» የምንለው ከዚህ የተረፈ ነው።

ታዲያ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው፣ ጠባቂ የመደበለት፣ ሰው እዚያው ገብቶ እዚያው የሚያረጅበት አንድ ትልቅ እስር ቤት ነበር። የሚገርመው እዚያ ውስጥ የተፈረደበት ሰው አልነበረም። አምባ ግሸን ማለቴ ነው። አዎ፣ ያው መስከረም 21 ምእመናን የሚወጡበት፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው የአምባሰል ግሸን።

ነገሩ የሚጀምረው ከዙፋን ጠብ ነው። የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በ1294 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) ሲሞት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በርካታ ነገሥታት ተፈራረቁ። በ1299 ወድም ረዐድ ነገሠ። የንጉሥ ዘር የሆነን ወንድ ሁሉ አምባ ላይ አውጥቶ የመዝጋቱ ልማድ ከዚህ ትርምስ እንደተወለደ ብዙ የታሪክ ሰዎች ያምናሉ። ወንድም፣ አጎት፣ የወንድም ልጅ፣ ሁሉም ይወጣል። እዚያው ያገባል፣ ይወልዳል፤ የተወለደውም እስረኛ ነው። ስማቸው «እስራኤል» ነበር። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ይመክሩና ከመካከላቸው አንዱን እንዲያወርድ ጦር ይልካሉ። በር ሲንኳኳ የመጣው ዘውድ ይሁን ሰይፍ የሚያውቅ የለም።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 የነገሠው እንዲህ ከግሸን ወርዶ ነው። ታላቅ ንጉሥ፣ ታላቅ ደራሲ፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን የገዛ ዜና መዋዕሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ጣዖት አመለካችሁ በሚል ክስ እንዳስገረፈ፣ ከነሱም የሞቱ እንዳሉ ይናገራል። የበእደ ማርያም እናትም በድብደባ ነው የሞተችው። ዙሪያውን ሴራ ብቻ የሚያይ ሰው ነበር። ለዓመታት በአምባ ላይ የተዘጋበት ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታል ወይ? እኔ አልፈርድበትም። ልጆቹን ግን ሳስብ ሌላ ነው።

በዝርዝር የጻፈልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ እስከ 1526 አገራችን ቆየ። ዘመኑ የልብነ ድንግል ነው። አንድ ቀን፣ ይላል፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው አንድ መነኩሴና ከሱ ጋር ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች ታስረው ወደ ንጉሡ ሰፈር መጡ። መነኩሴው ከአምባው ከታሰሩት ልዑላን ደብዳቤ አምጥተሃል ተብሎ ነው። ሁለት መቶዎቹስ? የአምባው ዘበኞች ናቸው። በየሁለት ቀኑ መነኩሴው ይገረፋል፤ እሱ በተገረፈ ቁጥር የዘበኞቹ ግማሽ ከትልቁ ጀምሮ በተራ ይገረፋሉ፣ እሱ እያየ። አገራረፉንም ጽፎታል፦ ሰውየው በሆዱ ይተኛል፣ እጆቹ ከሁለት ችካል ይታሰራሉ፣ እግሮቹን በገመድ ይስባሉ፣ ሁለት ገራፊዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አብዛኛው ጅራፍ መሬት ነበር የሚመታው፤ ሁሉም ሰውየው ላይ ቢያርፍ ኖሮ ማንም አይተርፍም ነበር። እንዲያም ሆኖ አንዱ ዘበኛ ከግርፋቱ ተነሥቶ ልብስ ሳያለብሱት ሞተ። ይህ ሁለት ሳምንት ቀጠለ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየታረፈ። (በሰንበት መግረፍ ነውር ነበራ!)

መነኩሴው የሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ደብዳቤውን የተቀበልኩት ከአምባው ስወጣ፣ የዛሬ 16 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም፤ እስከ ዛሬም ለመስጠት አልደፈርኩም። አልቫሬዝ እውነቱን ሊሆን ይችላል ይላል፤ ምክንያቱም ያኔ ደብዳቤ ላይ ቀንና ዓመት አይጻፍም ነበር። በሰፈሩ የተወራው ግን ልዑላኑ ፖርቱጋሎች እንዲያስፈቷቸው ጽፈዋል የሚል ነው።

ሌላም ይነግረናል። የንጉሡ ወንድም፣ 16 ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ከአምባው አምልጦ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ማለት የንጉሡም እናት ናት። ከአምባው ያመለጠን ያስጠጋ ሞት ስለሚጠብቀው የወለደችውን ልጅ ይዛ ለወለደችው ንጉሥ አስረከበች። «ለምን አመለጥክ?» ሲባል «በረሃብ ልሞት ነው፤ መልእክቴንም የሚያደርስልኝ ስላጣሁ ራሴ ልነግርህ መጣሁ» አለ። ንጉሡ ጥሩ ልብስ አለበሰው፣ ወርቅና ሐር ሰጠው፣ ከዚያም ወደ አምባው መለሰው።

ግሸንን የሚያደንቁ ምሁራን አሉ፤ ክፍል ውስጥም ይህንኑ ክርክር ሁሌ አነሳላችሁ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፦ በዚያው ዘመን ኢስታንቡል ላይ የነገሠ ሱልጣን ወንድሞቹን እንዲገድል ሕጉ ይፈቅድለት ነበር። የኛዎቹ ቢያንስ በሕይወት አቆዩዋቸው። እውነት ነው። ደግሞም የዙፋን ጦርነት ሲነሣ የሚያልቀው ገበሬው ነው፣ ስለዚህ አምባው ገበሬውን ጠቅሟል ይባላል። እሺ። ግን አልቫሬዝ ፊት የተገረፈው ማነው? የሞተውስ? ልዑል አይደለም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ወረቀት ሲያልፍ አላየህም የተባለ ዘበኛ ነው፤ ምናልባት ያኔ ዘበኛ እንኳ ያልነበረ። አንዲት እናትም በልጇ ላይ ዘበኛ ተደርጋለች። የሰላሙን ዋጋ ስናሰላ እነዚህን አብረን መቁጠር አለብን ነው የምለው።

አውሮፓ ግን ወሬው ሲደርስ ገነት ሆነ። ሚልተን በ1667 በታተመው «የጠፋችው ገነት» ላይ «አማራ ተራራ» ብሎ ያነሳዋል፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ ራሴላስ ሲጽፍ ልዑሉን የሚያስቸግረው የምቾት ብዛት ነው። ያ በረሃብ ልሞት ነው ያለው ልጅ ቢያነበው ምን ይል ነበር!

የግሸን እስር ያበቃው በግራኝ ጦርነት ነው። በ1540 ገደማ የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ። የአልቫሬዝ መጽሐፍ ሊዝበን ላይ የታተመውም በ1540 ነው፤ መጽሐፉ ሲወጣ እስር ቤቱ ሊያልቅለት ነበር። ልማዱ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በጎንደር ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ልዑላኑ እንደገና አምባ ላይ ወጡ፤ አሁን ከጎንደር ብዙም የማይርቅ፣ ገደሉ ዙሪያውን የተላጨ የሚመስል ሌላ አምባ ላይ። ስሙ ወህኒ ይባላል።

ወህኒ ቤት፣ ወህኒ ወረደ የምንለው ከዚህ አምባ ስም ነው። (ወደ አምባ ይወጣል እንጂ አይወረድም፤ ቋንቋችን ይሄንን ገልብጦታል።) እና ጠበቃው ተማሪዬ፣ ደንበኛህ ወህኒ ወረደ ብለህ አቤቱታ ስትጽፍ የምትጠቀምበት ቃል አንድም ቀን ችሎት ፊት ካልቀረቡ ሰዎች የመጣ ነው።

ዘንድሮ ለመስከረም 21 ግሸን የምትወጡ ካላችሁ፣ በሩ ጋ ስትደርሱ ወደ ታች ገደሉን አንዴ ፎቶ አንሡልኝና ኮመንት ላይ ለጥፉት።