ውሃ የዋጠው ፏፏቴ

ግድብ ሲባል ለእኛ ቀድሞ የሚታየን መብራት ነው። ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ግን ፏፏቴ ትዝ የሚላቸው ሰዎች አሉ።

አሜሪካ ውስጥ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች ድንበር ላይ፣ ሴላይሎ የሚባል ፏፏቴ ነበር። ሳልመንና ስቲልሄድ የሚባሉት ዓሦች ወንዝ ውስጥ ተፈልፍለው ባሕር ሄደው ያድጋሉ፤ ወቅታቸው ሲደርስ ሽቅብ ይመለሳሉ። ፏፏቴውን ለመዝለል ሲታገሉ፣ የአገሬው ተወላጆች ከገደሉ በተዘረጋ የእንጨት መቆሚያ ላይ ሆነው ረጅም እጀታ ባለው መረብ ያጠምዷቸዋል። ማጥመዱ በዘፈቀደ አልነበረም፤ እንደ ቶሚ ቶምሰን ያለ የዓሣ አለቃ ነበር የሚያዝበት።

እ.ኤ.አ. በ1855 በተፈረሙ ውሎች ነገዶቹ ሰፊ መሬት ሲለቁ፣ በለመዱት ቦታ የማጥመድ መብታቸውን አስከብረው ነበር። ማርች 10 ቀን 1957 የደ ዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉ። በሰዓታት ውስጥ የለመዱት ቦታ ሐይቅ ሆነ! ለአራት ነገዶች ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተሰጠ። ለፏፏቴ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ እኛ አልገባንም።

በ1969 የፌዴራሉ ዳኛ ሮበርት ቤሎኒ ነገዶቹ ከዓሣው ፍትሐዊ ድርሻ ይገባቸዋል ሲሉ ፈረዱ። ድርሻው ይሁን፤ ቦታውስ? በ2008 የሠራዊቱ መሐንዲሶች የወንዙን ወለል በድምፅ ሞገድ ሲያነሱ፣ አለቶቹ እዚያው ውሃው ሥር ተገኙ።