ሳፋውና ሸክላው

ጠጋ በሉ እንጂ። አንተ በሩ ሥር ያለኸው፣ ፍንጣሪው ጋቢህን ይጨርሰዋል፤ ወደ ምድጃው ና። ቡናው እስኪፈላ አንድ ወሬ አለኝ። አደራ የምላችሁ ነገር ቢኖር ሰምታችሁ ሜሪላንድ እንዳታደርሱብኝ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ክረምትን ሲያማ ይውላል። ጭቃው፣ የታክሲው ሰልፍ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ ሳምንት ተሰጥቶ ወገቡ ያልደረቀ ሱሪ። ሐሰት ነው አልልም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ አዲስ አበባ ግን በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ማንንም ሳትጠይቅ ሰኔ ሳይጋመስ ትጀምራለች፣ ሲያሻት ደግሞ መስቀል አልፎም ታካፋለች። ታዲያ እኔ ለክረምት አደላለሁ። በጋ ቤተሰብን በየፊናው ይበትነዋል። ክረምት ቢዋደድም ባይዋደድም አንድ ምድጃ ዙሪያ ሰብስቦ ያስቀምጠዋል።

እስቲ በቆሎውን ተመልከቱ። እሸት ስትመርጡ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ ፍሬውን በጥፍር ጫን ነው። ወተት ካወጣ ለጋ ነው፣ ለልጅ ይሆናል። ጥፍር ካልገባው በጥርሱ ለሚተማመን ተዉት። አክስቴ መካከለኛውን ነው የምትወደው፤ መካከለኛውን ለማግኘት ደግሞ የሻጯን ሴትዮ ክምር ሁሉ ትገልጣለች። ሴትዮዋ ጃንጥላዋ ሥር ሆና ከሰሉን እያራገበች ዝም ትላታለች፤ ከአክስቴ ጋር መከራከር ዝናብ ውስጥ ከመቆም እንደሚብስ ታውቃለች።

ወይ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ተመልከቱ። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። አባቴና አክስቴ፣ ወንድምና እህት ናቸውና፣ ስለ አንድ የአያት መሬት ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖረዋል። በረዶው ሲጀምር አፋቸው እንደተከፈተ ያቆሙ፣ ቆሏቸውን ይዘግኑ፣ ሲያባራ ካቆሙባት ቃል ይቀጥሉ ነበር። ሁለቱን ዝም ያሰኘ ሌላ ዳኛ አላየሁም።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፤ ከዚያ በ13 ቡሄ፣ ጅራፉ፣ ሙልሙሉ። ይኼን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ልለፈው። እኔ የቸኮልኩት ወደ ሸክላው ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ኋላ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ። ቡፌው ላይ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ከጎኑ በካርቶን የተደረደሩ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ፣ በየፊታቸው አንዳንድ ዘፈን። በክረምት እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ መውጫ ሲያሳጣን፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያወጣቸዋል። የእኛ እጅ አይነካቸውም። በጠርዙ ይዞ በጋቢው ጫፍ ያብሰዋል፣ መርፌዋን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል፣ እስክትጨርስም ቃል አይተነፍስም። እያንዳንዱ ሸክላ መሐል ላይ ባለችው ክብ ወረቀት በቀይ ቢክ፣ በግዕዝ አኃዝ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ። ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ሲጻፍ እያየ ያደገ ሰው ነውና፣ ቀይ ለእሱ የክብር ቀለም ነው። የዘፋኟ የብዙነሽ በቀለ ቁጥሯ ፲፬ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የግዕዝ ቁጥር የተማረው ከዚያ ካርቶን ነው ብል አላጋነንኩም።

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እናቴ ድስቱንም ባልዲውንም ደረደረችው፤ አልበቃም። በዚያው ሰሞን ልዋጭ የሚለው ሰውዬ በሰፈሩ አለፈ። ታውቁት የለ፤ ሳፋና ኩባያ ተሸክሞ ይመጣል፣ አሮጌ ልብስ ይዞ ይሄዳል። ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ ፈለገች። ሁለት ሱሪና አንድ ኮት አቀረበች። «ጨምሪ» አላት። ጫማ ጨመረች። አሁንም «ጨምሪ» አላት። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቶ ነበርና ካርቶኑን እንዳለ አንስታ ሰጠችው። ሳፋው ዛሬም አለ። ጓዳ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለው ይሰማችኋል? እሱ ነው።

ወንድሜ ያኔ አሜሪካ ገብቷል፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አበሻው ከሞላበት ሰፈር። አንድ ማታ ደወለና «እማዬ፣ የአባባ ብዙነሽ የት ገባች?» አለ።

«ሳፋ ሆነች» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ግን ለአክስቴ ደወለ። «እትዬ፣ እባክሽ መርካቶ ፈልጊልኝ፤ ገንዘቡን እልካለሁ። አሮጌ ብራናም ካገኘሽ ላኪልኝ።»

«ብራና? አንተ ልጅ፣ ኮንትሮባንዲስት ልታደርገን ነው? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም!» አክስቴ ጡረታ የወጣችው ከመዝገብ ቤት ነው። የልደት ቀኗን ትረሳለች፣ የአዋጅ ቁጥር አትረሳም።

እንግዲህ ቡናው አንደኛው ደርሷል፤ ተቀበሉ። እኔ ወደ መርካቶ ልውሰዳችሁ።

የድሮው ገበያ፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚያውቁት፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳን ለነጭ ከልሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ እንዲያ ሆና ተስፋፋች። ከመርካቶ ሁሉ ደግሞ ምናለሽ ተራ የሚባለው ላይ የሚሞት ዕቃ የለም። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ፣ ጣሳው ኩራዝ። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፤ ክረምት ሲሆን የዝናቡ ድምፅ ይታከልበትና ዋጋ የሚጠራው በጩኸት ነው።

«ለምን በዚህ ጭቃ? መስከረም ይጥባና እንሂድ» ብያት ነበር። አክስቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «መስከረም ከጠባማ አለቀ» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ገንዘብ ይቸግረዋል። የልጅ ደብተር አለ፣ የደንብ ልብስ አለ፣ የእንቁጣጣሽ በግ አለ። ጣሪያ ሲያፈስ ደግሞ ሰው ቆጥ ላይ የረሳውን ያወርዳል፤ ቤት ለዓመት በዓል ሲጸዳ ጓዳው ይራገፋል። ቆራሌው በየበሩ እየተጣራ ይሰበስባል፣ ከጆንያው ወደ ምናለሽ ተራ ይደፋል። ለገበሬው ጎተራው የሚሟጠጥበት ወር ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አዝመራው ነው። ጠቢብ ገዢ ታዲያ ዝናቡ ሌላውን ገዢ ቤት ባስቀረበት ሰዓት ይሄዳል።

የሚታየውማ! መቀርቀሪያው ላይ ዶሮ የቆመችበት የከሰል ካውያ። እግሩ የጠፋ ሲንጀር፣ ጭንቅላቱ ብቻ። የእንጨት ሳጥን ያለው ራዲዮ፣ መስታወቱ ላይ የዓለም ከተሞች ስም የተደረደረበት። መስታወቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ። የማያውቋቸውን ሙሽሮች ፎቶ ከነፍሬሙ የሚገዙ ሰዎችም አሉ፤ ፍሬሙን ፈልገው ነው ይላሉ፣ እኔ አላምናቸውም።

ሸክላ የሚሸጠው ልጅ ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ፣ ፊቱ ካርቶን። «እማማ፣ ይግቡ ከዝናቡ!» አላት።

«እማማ? እትዬ በል!»

በዚህ ተጀመረ። ልጁ ሊያለሰልሳት ብሎ ማርትሬዛ ብር አወጣ። «ይመልከቱ፣ 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ!» አክስቴ ብሩን በመዳፏ መዘነችው፤ 28 ግራም ያህል የሚከብድ ነገር ነው። «የእሷ ዓመት አይቆጠርም፣ ልጄ። ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ መቼም ይታተም፣ ያው 1780 ነው የሚጻፍበት። እናቴ መስቀሏን ያሠራችው እንዲህ ያለውን አቅልጣ ነው» ብላ መለሰችለት።

ቀጥሎ ደብዳቤ አወጣ፤ ቡናማ፣ ጠርዙ የተበላ፣ «የምኒልክ ዘመን ነው» የሚባልለት። አክስቴ አሸተተችው። ማሽተቷን አልረሳውም። «ሻይ!» አለች። «ሻይ ውስጥ ነክረኸው ነው። ቀረፋም አለበት። አታፍርም? እንዲህ ያለ ሐሰተኛ ሰነድ መዝገብ ቤት ይዘህ ብትመጣ እኔ ነበርኩ የማሳስርህ!» አጠገቡ ያሉት ነጋዴዎች ሳቁበት። ልጁ ግን ክፉ አልነበረም፤ እሱም ሳቀና ካርቶኑን ወደ እኛ ገፋ።

ሸክላዎቹን ማገላበጥ ጀመርን። ሸክላ ሲመረጥ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጭረቱን ማየት ነው፤ በነሐሴ ሰማይ ብርሃን ከየት ይመጣል? በስልኬ መብራት አየን። እርጥበቱ የወረቀት ልባሱን አሻግቶታል፤ አንዳንዱ ሽታው ብቻ ያስነጥሳል። ልጁ ዋጋ ሊያዘጋጅ ታሪክ ጀመረ፣ ደግሞም በደንብ ያውቀዋል። ሸክላ የማሳተም መብት አንድ ጊዜ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ እንደነበር ነገረን። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በፈረንጆቹ 1969 ደፍሮ በራሱ ማሳተም እንደጀመረ፣ ሸክላውን መጀመሪያ ህንድ ኋላ ቤይሩት እያስቀረጸ እንዳስመጣ፣ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ እንዳወጣና በ1975 አገር ጥሎ እንደሄደ ተረከልን። በዚያው ዘመን ሰዓት እላፊው መጣ፣ ካሴቱም መጣ፣ ሸክላው ቆጥ ላይ ወጣ።

«ፈረንሳዊው ፋልሴቶ ‹ኢትዮፒክስ› የሚለውን የሙዚቃ ተከታታይ በፈረንጆቹ 1997 ሲጀምር፣ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ሲገባ ጊዜ» አለ ልጁ፣ «ፈረንጁ ከየአገሩ ለሸክላ ይመጣ ጀመር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ የእኔ ጥፋት አይደለም።»

አክስቴ ከቤት ስንወጣ አስጠንቅቃኛለች። ሜሪላንድ የሚባል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ፣ ሸክላውን ለራሷ ልትሰማው እንደምትፈልግ ብቻ እንድናገር። አፌን ዘግቼ ነው የዋልኩት። ብዙነሽ በቀለን ከካርቶኑ ሥር ስታገኝም ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም፤ «ይኼ ያረጀው ስንት ነው?» አለች እንጂ። ልጁ ዋጋ ጠራ። እሷ ሩቡን ጠራች። ነገሩ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ሳለ ስልኬ እጄ ላይ ጮኸ፤ ኢሞ። ወንድሜ፣ በሹራብ፣ ከኋላው አንድ ክፍል የሚያህል ፍሪጅ።

«አገኛችኋት እንዴ? ስንትም ቢሆን ግዙልኝ!»

የልጁ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነበር። ዋጋው እዚያው እጥፍ ሆነ። አክስቴ ለወንድሜ ያለችውን እዚህ አልደግመውም፤ ቡና ላይ ነን።

«እስቲ አሳዩኝ» አለ ወንድሜ። ሸክላውን ወደ ካሜራው አዞርኩለት። ዝም ብሎ አየው። አንድ ጥግ ላይ በሰማያዊ ቢክ የሌላ ሰው ስም አለ፣ ግማሹ በእርጥበት የጠፋ። «የእኛ አይደለችም» አለ። «ቀይ ቁጥር የላትም።»

«ዘፈኑ ያው አይደለም እንዴ?» አለች አክስቴ። «ዘፈኑንማ ስልክህ ውስጥ በነጻ ትሰማዋለህ። ምኗን ነው የፈለግከው?»

ወንድሜ አልመለሰም። ቆይቶ «ቁጥሯን» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። አክስቴ ሸክላውን ይዛ ቆመች፤ አባቴን በክርክር ያልረታችባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቷ ላይ ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ። መቀነቷን ፈታ ገንዘብ ቆጠረች፤ ግማሽም እጥፍም ያልሆነ፣ እሷ የፈረደችው ዋጋ። «ውሰድ። ቀይ ቢክ ትመርቃለህ።»

ልጁ ግራ ገብቶት አንድ ሊስትሮ ወደ ሱቅ ላከ። ቢኩ መጣ። አክስቴ ሸክላውን ጉልበቷ ላይ አደላድላ፣ መነጽሯን አውርዳ፣ ፲፬ ብላ ጻፈች። የአስሩን አንገት እንደ አባቴ ወደ ግራ ዘንበል አደረገችው። «የቤት ሥራውን እየጻፍኩለት ነው ያደግነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «የእጁን ጽሕፈት ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ቁጥሩ ግን ከልክ በላይ ቀላ። አራቀችና አየችው፤ አልወደደችውም። እጇን ወደ ልጁ የሻይ ብርጭቆ ሰደደች፣ ጣቷን ነከረች፣ ፲፬ን ዳር ዳሩን ቀስ እያለች አሸችው፤ ቀዩ ወደ ቡናማ እስኪያደላ። ከዚያ እፍ አለችበትና ከቀሚሷ ሥር ሸጎጠችው።

ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያያት ቆይቶ «እትዬ» አለ፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ሥራ ይገባሉ?»