የስልሳ ደቂቃው ልዑል

ከእናንተ መካከል በ1980ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ደጅ የጠና ሰው ካለ «ፕሪንስ» ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነጭ ልብስ የለበሰው፣ እየሮጠ ጉድጓድ የሚዘለው፣ በጣቶቹ ጫፍ ጠርዝ ይዞ የሚንጠለጠለው ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ»፣ የፋርሱ ልዑል፣ ይባላል። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ባለፈው ክረምት እንደገና ከፈትኩት። ጌሙ እንዴት እንደተሠራ፣ ዛሬ ለሚከፍተው ሰው ለምን እንግዳ እንደሚሆንበትና ምን ቢያደርግ እንደሚሻል በተቻለኝ መጠን አቀርባለሁ። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ለማያውቁት። ሱልጣኑ ለጦርነት ርቆ ሄዷል። ዋዚሩ ጃፋር ሥልጣኑን ለመንጠቅ ልዕልቲቱን ወይ እንድታገባው ወይ እንድትሞት አንድ ሰዓት ሰጥቷታል። የምትወደው ወጣት ምድር ቤት እስር ላይ ነው። ተጫዋቹ በ60 ደቂቃ ውስጥ 12 ደረጃዎችን አልፎ እርሷ ዘንድ መድረስ አለበት። በመንገዱ ላይ ከወለል የሚወጡ ሹል ብረቶች፣ ሲረግጧቸው የሚደረመሱ ድንጋዮች፣ ሰይፍ የያዙ ዘበኞች አሉ። ልዑሉ ሲሞት ደረጃውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሰዓቱ ግን ወደኋላ አይመለስም። የፈለጋችሁትን ያህል ብትሞቱ ማንም አይከለክላችሁም። የሚያልቀው ጊዜ ብቻ ነው።

እኛ ያወቅነው በ1988 ዓ.ም. ክረምት ነው። ታላቅ ወንድሜ ዶስ፣ ወርድ ፐርፌክትና ሎተስ ሊማር አንድ ማሠልጠኛ ተመዘገበ፤ እኔ የ12 ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ተከትዬው ከመሄድ በስተቀር ሥራ አልነበረኝም። ትምህርቱ ሲያበቃ አስተማሪው፣ መብራት ካልሄደ፣ ግማሽ ሰዓት እንድንቆይ ይፈቅድልን ነበር። አንድ ወንበር፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ልጆች። ሥራውን ተከፋፈልነው፤ ወንድሜ የቀስት ቁልፎቹን፣ እኔ ሺፍትን። ሺፍት ሲጫኑት ልዑሉ በጥንቃቄ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሲዘልና ሲወድቅ ደግሞ ጠርዝ ይይዛል። ስለዚህ የሩጫው ጀግንነት የወንድሜ፣ የመውደቁ ጥፋት የእኔ ነበር። «ያዝ!» ይለኛል። ካልያዝኩ ጭንቅላቴን በኩርኩም ይለኛል።

ቅጂያችን በፍሎፒ የዞረ ስለነበረ ማኑዋል አልነበረውም። ይህ ደግሞ ችግር ነበረው፤ የዶሱ ጌም ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ ፊደል የተጻፈባቸው ብልቃጦች የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ያስገባችኋል። «በማኑዋሉ በዚህ ገጽ፣ በዚህ መስመር፣ የዚህ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ያለበትን ጠጡ» ይላል። ጌሙን ያልገዛ እዚያው እንዲቀር የተዘየደ ዘዴ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ግን በሙከራ ያገኟቸውን መልሶች በአንድ ደብተር ጀርባ ላይ ጽፈው አቆይተውልን ነበር። ደብተሩ ከኮምፒውተሩ ይልቅ በጥንቃቄ ይያዝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ መሐንዲስ ነኝና እዚህ ላይ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጌሙን የሠራው ጆርዳን ሜክነር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ገና የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ «ካራቴካ» የተባለ ጌም ሠርቶ በ1984 አውጥቷል። ቀጥሎ የመጣው ፕሪንስ በ1989 ለአፕል ሁለት ኮምፒውተር ወጣ፤ እኛ ያየነው የዶሱ ቅጂ በ1990 ተከተለ። በዚያ ዘመን ጌም ውስጥ የሚታይ ሰው እንደ አሻንጉሊት እግሩን ከማወዛወዝ አያልፍም ነበር። ሜክነር ግን እውነተኛ የሰው እንቅስቃሴ ፈለገ። በ1985 ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ እየተንጠላጠለ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸው። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆመ ከቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶ አነሣ፤ የወንድሙን አካል በጥቁርና በነጭ ቀለም አጉልቶ አወጣና አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ለሰይፍ ውጊያው ደግሞ በ1938 ከወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም ኤሮል ፍሊን የተዋጋበትን ትዕይንት ተጠቀመ። ሙዚቃውን የደረሰው አባቱ ፍራንሲስ ሜክነር ነው። የቤተሰብ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት አሁን በጉልምስና ዕድሜዬ ነው። ያኔ በወንድሜና በእኔ እጅ ሲወድቅና ሲነሣ የነበረው ልጅ ለካ የሌላ ሰው ታናሽ ወንድም ነበር።

ለእኔ የሚደንቀው ግን ጥላው ነው። አፕል ሁለት ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው፤ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በሺህ እጥፍ ይበልጠዋል። የልዑሉ ሥዕሎች ሚሞሪውን ሞልተውት ሌላ ባለ ሙሉ እንቅስቃሴ ገጸ ባሕርይ የሚቀመጥበት ቦታ አልተረፈም። ሜክነር ያገኘው መላ ይህ ነው፦ የልዑሉን ሥዕል አንድ ቢት ወደ ጎን አንሸራትቶ ከራሱ ከሥዕሉ ጋር «ኤክስኦር» በሚባለው ስሌት ማጋጠም። ሁለቱ ነጥቦች ከተመሳሰሉ ይጠፋሉ፤ ከተለያዩ ይበራሉ። ውጤቱ መስመሩ ብቻ የሚብለጨለጭ፣ እንደ ልዑሉ የሚሮጥና የሚዘል መንፈስ ሆነ። ለአዲስ ሥዕል አንድ ባይት አልወጣበትም።

ይህ የእጥረት ልጅ የጌሙ ልብ ሆኖ ቀረ። በ4ኛው ደረጃ መንገዱን መስታወት ይዘጋዋል፤ ልዑሉ ሮጦ ሲዘልበት ጥላው በሌላው በኩል ወጥቶ ይሮጣል፣ ልዑሉም አንድ ነፍስ ብቻ ይቀረዋል። በ5ኛው ልትጠጡት የነበረውን መድኃኒት ቀድሞ ይጠጣባችኋል። በ6ኛው በሩን ዘግቶባችሁ ገደል ትገባላችሁ። በ12ኛው ሰይፍ መዝዞ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ይመታዋል። ጥላውን በመታው ቁጥር ግን የራሱ ነፍስ ይቀንሳል። ማለፊያው ሰይፉን ወደ ሰገባው መመለስ ነው። ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ወለል በሌለበት ባዶ ገደል ላይ ሲራመዱ ድንጋይ ከእግራቸው ሥር ይገኛል።

እጥረት ጥበብን መውለዱ የፕሪንስ ብቻ አይደለም። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ጠላቶቹ ሲያልቁ የቀሩት የሚፈጥኑት ኮምፒውተሩ የሚሥለው ስለሚቀንስለት ነው፤ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን አይቶ እንዳለ ተወው። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ይለያያል። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ወደ ባለፈው ክረምት ልመለስ። የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒውተር የሚያሠራው የታወቀው ሶፍትዌር ዶስቦክስ ይባላል፤ ከ2002 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ሳሎን ያለውን ሰፊ ቴሌቪዥን ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ልዑሉ አጭርና ወፍራም መሆኑ ነው። ሁለተኛው እኔ ራሴ ነኝ፤ በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ሰባት ጊዜ ሞትኩ። «እጄ አርጅቷል» አልኩና አጠፋሁት። ብዙ ሰው የልጅነት ጌሙን ከፍቶ እዚህ ላይ የሚተው ይመስለኛል።

በማግስቱ ማታ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ውፍረቱ በቀላሉ ተፈታ። ዶስ ሥዕሉን በአግድም 320፣ በቁም 200 ነጥብ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ የዘመኑ ስክሪን ግን ወርዱና ቁመቱ 4 ለ 3 ስለነበረ እያንዳንዱ ነጥብ በቁመቱ 1.2 ጊዜ ይረዝም ነበር። የዛሬ ስክሪን ነጥቦቹን እኩል አራት ማዕዘን አድርጎ ሲያሳይ ሰውየው ያጥራል። ዶስቦክስ ውስጥ «አስፔክት» የሚለውን ማስተካከያ ማብራት በቂ ነው። ልዑሉ ወዲያው ቀጭን፣ እኔ የማውቀው ልጅ ሆነ።

መዘግየቱ ትንሽ ሥራ ጠየቀ። ጌሙ ሥዕሉን የሚቀይረው በሰከንድ 12 ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል 83 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። በተጨማሪም ልዑሉ የተቀረጸው ከእውነተኛ ሰው ስለሆነ የጀመረውን እንቅስቃሴ ሳይጨርስ አይታዘዝም። የዛሬ ቴሌቪዥን በበኩሉ ምስሉን ለማሳመር ተቀብሎ «ያስባል»። ስልኬን በሰከንድ 240 ምስል እንዲያነሣ አድርጌ ጣቴንና ስክሪኑን በአንድ ላይ ቀረጽኩና ቆጠርኩ፤ ቁልፉን ከመጫኔ እስከ ምስሉ ከ120 ሚሊሰከንድ በላይ አለፈ። በልዑሉ አቆጣጠር ከአንድ እርምጃ በላይ ነው፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ እርምጃ ገደል ነው። ቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» በሚለው ላይ ሳደርገው መዘግየቱ ከሲሶ በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ደረጃ የሞትኩት ሁለት ጊዜ ነው። እነዚያ ሁለቱ በርግጥ የእጄ ናቸው።

ስለ ድምፁ ብዙ አልልም፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ስፒከር የሚወጣውን ድምፅ መምረጥ ይቻላል፣ ትዝታ ለሚፈልግ እርሱ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለጌሙ ብቻ ብዬ አይደለም። ወንድሜ ዱባይ ነው፣ እኔ ጀርመን። እናታችን ካረፉ በኋላ በቤቱ ጉዳይ ተቀያይመን ሁለት ዓመት ያህል ለበዓል «እንኳን አደረሰህ» ከመባባል ሌላ አልተነጋገርንም ነበር። 4ኛው ደረጃ ስደርስ መስታወቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ «ሮጠህ ነው የምትዘለው። ቆመህ አይሆንም።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ስክሪኔን በኢንተርኔት አጋራዋለሁ፤ ቀስቱም ሺፍቱም አሁን በእኔ እጅ ነው፣ እርሱ ያዝዛል። ምስሉ ዱባይ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ «ያዝ!» የሚለኝ ልዑሉ ከወደቀ በኋላ ነው። በ8ኛው ደረጃ በር ተዘግቶብን ሳለ ልዕልቲቱ የላከቻት አይጥ መጥታ በሩን ስትከፍት ወንድሜ እንደ ልጅ ሳቀ። ያኔ በ1988 ዓ.ም. 6ኛውን ደረጃ አልፈን ስለማናውቅ አይጧ ለሁለታችንም አዲስ ናት።

አንድ ጠቃሚ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ሜክነር በገዛ እጁ የጻፈው የጌሙ ዋና ኮድ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በ2012 አባቱ ዕቃ ቤት ሲያጸዱ የድሮ ፍሎፒዎች የያዘ ሣጥን አግኝተው ላኩለት። በድሮ መሣሪያዎች ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ረድተውት ከ20 ዓመት በላይ የተቀመጡት ዲስኮች ተነበቡ፤ ኮዱንም ለማንም ሰው ነፃ አድርጎ አወጣው። ግን ማግኔት ለዘላለም አይጠብቅም፤ የእርሱ መትረፉ ዕድል ነው። አዲስ አበባ በቁም ሣጥን ላይ የተቀመጡ የሠርግና የልደት የቪዲዮ ካሴቶች ያሏችሁ፣ የሚያጫውተው መሣሪያም የሚጠግነው ሰውም ሳይጠፋ ዘንድሮ አስገልብጧቸው። እኔ የእናታችንን ድምፅ የያዘ ካሴት እዚያው ቤት ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ከወንድሜ ነው፤ በአይጧ ማታ ነገረኝ። ሊያመጣው ቃል ገብቷል።

ባለፈው ቅዳሜ 12ኛው ደረጃ ደረስን። ጥላው ሰይፉን መዝዞ ቆመ። ወንድሜ «በለው!» አለ፤ መታሁት፣ ነፍሳችን ቀነሰ። «እንደገና በለው!» እንደገና ቀነሰ። ሚስጥሩን አንብቤ አውቀዋለሁ፤ አልነገርኩትም። እስክንሞት ድረስ ዝም አልኩ። ሰዓቱ 9 ደቂቃ ቀርቶታል ይላል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥረናል።