የሥራ ተቋራጮች ለሠራተኞች ጉዳት ካሳ የሚከፍሉት የመድን ዓረቦን እንዴት ይሰላል

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ በሠራተኛው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በዚህ አይካተትም። የሥራ ተቋራጮች ይህንን ኃላፊነት ለመሸፈን የሚገቡት የመድን ውል የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ይባላል። ለግንባታው የሚገባው አጠቃላይ የሥራ ተቋራጮች መድን የተቋራጩን ሠራተኞች እንደ ሦስተኛ ወገን ስለማይቆጥር ይህንን መድን ሊተካ አይችልም።

በአዋጁ መሠረት ለጊዜው ከሥራ የተለየ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ያገኛል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነና ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ከዚህ ያነሰ ጉዳት እንደ ጉዳቱ መጠን ተመጣጥኖ ይሰላል።

ካሳው ደመወዝን መነሻ ስለሚያደርግ ዓረቦኑም የሚሰላው በግንባታው ዋጋ ሳይሆን በሠራተኞች ዓመታዊ ደመወዝ ነው። ተቋራጩ ሠራተኞቹን በሥራ ዓይነት ለይቶ ግምታዊ ደመወዛቸውን ያሳውቃል። መድን ሰጪው የሥራውን አደገኛነትና የቀድሞ የጉዳት ታሪክ ተመልክቶ ለእያንዳንዱ ምድብ የመቶኛ ምጣኔ ይወስናል።

ለማሳያ ያህል፣ የአምስት የቢሮ ሠራተኞች ዓመታዊ ደመወዝ 600,000 ብር በ0.5 በመቶ 3,000 ብር፣ የአሥር ግንበኞችና አናጢዎች 1,080,000 ብር በ1.5 በመቶ 16,200 ብር፣ በወር 4,000 ብር የሚከፈላቸው 30 የጉልበት ሠራተኞች 1,440,000 ብር በ2 በመቶ 28,800 ብር ይሆናል። ጠቅላላው ዓረቦን 48,000 ብር ነው። ምጣኔዎቹ ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ይህ ዓረቦን ጊዜያዊ ነው። የመድን ዘመኑ ሲያበቃ በተጨባጭ የተከፈለው ደመወዝ ተጣርቶ ልዩነቱ ይጨመራል ወይም ይመለሳል። የጉልበት ሠራተኞቹ ደመወዝ 2,160,000 ብር ሆኖ ቢገኝ ተቋራጩ ተጨማሪ 14,400 ብር ይከፍላል።

ደመወዝን አሳንሶ ማሳወቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ስሌት ይታያል። የ4,000 ብር ተከፋይ በ2,500 ብር ቢመዘገብ ተቋራጩ በዓመት የሚያተርፈው ዓረቦን 360 ብር ነው። ሠራተኛው ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ቢዳረግ ግን በሕግ የሚገባው 240,000 ብር ሲሆን፣ በተመዘገበው ደመወዝ የሚገኘው 150,000 ብር ብቻ ይሆናል። ቀሪውን 90,000 ብር የመክፈል ግዴታ በተቋራጩ ላይ ይወድቃል፤ ተቋራጩ አቅም ካጣ ደግሞ ጉዳቱ በሠራተኛውና በቤተሰቡ ላይ ያርፋል።

በመሆኑም የመንግሥት ግንባታዎችን የሚከታተሉ የሥራ ኃላፊዎች የመድን ሰርተፊኬቱን ከመቀበል ባሻገር የተመዘገበውን ደመወዝ ከደመወዝ መክፈያ ሰነድ ጋር ማመሳከር፣ የቀን ሠራተኞችና የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች መካተታቸውን ማረጋገጥ፣ የግንባታው ጊዜ ሲራዘም የመድን ዘመኑም መራዘሙን መከታተል ይጠበቅባቸዋል።