በስማችን የተጠራው ጉድጓድ

እንግሊዝ አገር የጓሮ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ገዝተው የሚያስተክሉት አንድ መሣሪያ አለ። ስሙ «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» ይባላል። ጉድጓድ ይባል እንጂ የሚቆፈር ነገር የለውም። ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ከጫፉ በላይ ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ቱቦውን ቀጥ አድርገው ያቆሙና ከባድ ብረት ከፍ እያደረጉ እየለቀቁበት መሬት ውስጥ ያስገቡታል። አንዱ ገብቶ ሲያልቅ ሌላ ይቀጠልበታል። ውሃ ሲያገኝ ከላይ የእጅ ፓምፕ ይገጠምለታል፤ አለቀ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃ ይቀዳል።

ታዲያ የእኛ ስም እዚያ ምን ያደርጋል?

መልሱ ያለው በመቅደላ ዘመቻ ታሪክ ውስጥ ነው። እኔ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። ለእኛ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ልጆች መቅደላ የአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ፣ የሴባስቶፖል ማረፊያ ናት። በዚያ ዘመቻ ምክንያት አንድ የውሃ መሣሪያ ስማችንን ይዞ ባሕር ማዶ እንደተሸጠ ግን ትምህርት ቤት ሳለን የነገረን አልነበረም። ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ታሪክ የመረጥኩት ለሐኪሙም፣ ለሳኒታሪያኑም፣ ለመሐንዲሱም የሚሆን ነገር ስላለው ነው።

በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር የመራው ጦር ዙላ ሲያርፍ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ አገልጋይና ጓዝ ተሸካሚ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብትና 44 ዝሆን ነበረው። ዙላ ደግሞ ደረቅ የባሕር ዳርቻ ነው። መርከቦቹ የባሕር ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ነበር ያን ሁሉ ፍጥረት የሚያጠጡት። ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ ግን ያ የሾለ ቱቦ በደረቅ ወንዞች አሸዋና ደለል ላይ እየተመታ ውሃ ሰጠ። ኖርተን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1867 እንግሊዝ አገር ፓተንት አውጥቶበት ነበር። ዘዴው ከአሜሪካ የመጣ በመሆኑ ቀድሞ «የአሜሪካ ቱቦ» ይሉት ነበር። የዘመቻው ወሬ በየጋዜጣው ሲናኝ ሻጮቹ ስሙን ቀየሩት፤ አቢሲኒያ ገበያ የሚጠራ ስም ሆነች።

ገበያውም ደራ። ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 የለንደኑን የብሮድ ስትሪት ኮሌራ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር ማያያዙን ሁላችንም ተምረናል። የዚያ ጉድጓድ ጣጣ አጠገቡ የነበረ የቤት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ወደ ውስጥ መስረጉ ነበር። የተመታ ቱቦ ግን አፉ ክፍት አይደለም፤ ባልዲ አይገባበትም፤ የላይ ጎርፍ በቀላሉ አይደርስበትም። እርግጥ መጸዳጃ ቤት ሥር ከተመታ እሱም አያድንም። ቢሆንም ከክፍት ጉድጓድ ይሻል ነበርና ለቤትም፣ ለአትክልት ቦታም፣ ለፋብሪካም ተገዛ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ከኮሌራ ነፃ አልነበርንም፤ በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሽታው ቆራጣ የሠፈረውን የንጉሡን ጦር አጥቅቶት ነበር።

ከናፒየር ጋር ሌላም የፓተንት ዕቃ መጥቷል፤ ያገራችን ሰው በኋላ «ሰናድር» ያለው የስናይደር ጠመንጃ። ከኋላ የሚጎርስ በመሆኑ ከአፈ ሙዝ ከሚጎርሰው የቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ እጅግ ይፈጥናል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን እንደሞቱ ተጽፏል። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ወታደሩ በኮዳው ሞልቶ የወጣው የበሽሎን ድፍርስ ውሃ ነበር። ሰናድር እስከ መቅደላ ደረሰ፤ ቱቦው ግን ስም ያተረፈው ቆላ ላይ በሠራው ሥራ ነው።

ፓተንት ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ምን አገኙ ብላችሁ እንደሆነ፣ ታሪኩ ያሳዝናል። አሜሪካዊው ያዕቆብ ስናይደር የጠመንጃው ዋጋ ይከፈለኝ ብሎ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲከራከር እ.ኤ.አ. በ1866 ሞተ። የቱቦው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ኔልሰን ግሪን የተባለ የጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1861 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ኮርትላንድ በተባለ ከተማ ቱቦውን መትቶ ውሃ አወጣ። ማመልከቻ ያስገባው ግን በ1866 ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው ጥር 1868 ላይ። ቱቦውን የመቱ ገበሬዎች ሁሉ ክፈሉ ሲባሉ ተቆጡ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1887 መጀመሪያ ለግሪን ወገን ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ከማመልከቻው በፊት ከሁለት ዓመት በላይ በሕዝብ እጅ ሲሠራበት የቆየ ነው ብሎ ፓተንቱን ሻረው። ሰውየው የተሸነፈው ባለመፍጠሩ አይደለም፤ በመዘግየቱ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በስማችን የተጠራው ጉድጓድ ለምን እኛን አላጠጣም? አንደኛው ምክንያት አለት ነው። የቦረና፣ የሳይንት፣ የለጋምቦ ደጋ ከአፈሩ ሥር እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የሾለ ቱቦ እዚያ ላይ ይጣመማል እንጂ አይገባም። ሁለተኛው እኛ ሐኪሞች ከኦክስጅን ጋር አያይዘን የምናውቀው ነገር ነው፤ አየሩ ቀጭን ነው። ከላይ የተገጠመ ፓምፕ ውሃውን ራሱ አያነሳውም። አየሩን መጥጦ ክፍት ቦታ ይፈጥራል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያቆማል፤ በተግባር 7 ሜትር ቢሆን ነው። ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው መካነ ሰላም ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ ፓምፑም 5 ሜትር ገደማ ላይ ይደክማል። ውሃችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ቆላ ላይ ጀግና የነበረው መሣሪያ እኛ ጋ ቢመጣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር።

እኛን ያጠጣን ሌላ ነው። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተመሠረተው ቤታችን ከጤና መኮንኑና ከኮሚዩኒቲ ነርሱ ጎን ሳኒታሪያን ያሠለጠነው ምንጭ እንዲጎለብት፣ ጉድጓድ እንዲከደን ብሎ ነው። ቲቲፒ የወጣ ሁሉ የሳኒታሪያንን ዋጋ ያውቃል። ከዚያ የእጅ ፓምፖቹ መጡ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዩኒሴፍ ድጋፍ ሕንድ አገር የተሠራው «ኢንዲያ ማርክ ቱ» ሆን ተብሎ ፓተንት ሳይወጣበት የቀረ ነው፤ ደረጃውን ያሟላ ፋብሪካ ሁሉ እንዲሠራው ተፈቀደ። በ1980ዎቹ ማላዊና ኬንያ ውስጥ የዳበረው አፍሪዴቭም ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው። ዛሬ በየቀበሌያችን ሴቶችና ልጆች ጀሪካን አሰልፈው የሚጠብቁት በአብዛኛው እሱን ነው። ፒስተኑ ያለው ታች ውሃው ውስጥ ስለሆነ የአየሩ መቅጠን አያግደውም፤ እስከ 45 ሜትር ያነሳል። ክዳኑ ተከፍቶ ዘንጉና ፒስተኑ ሲወጡ ዋናው ቱቦ መነቀል የለበትም፤ የሠለጠነ የቀበሌ ሰው ጎማውን ራሱ ይቀይረዋል።

ጎማው ካለ ነው እንግዲህ! በሠራሁበት አንድ ወረዳ የሕፃናት ተቅማጥ ድንገት ሲበዛብን ምክንያቱን ስንከታተል የቆመ ፓምፕ ጋ ደረስን። የጠፋው ያለቀ ጎማ ነበር። ሰዉ ወደ ጥንቱ ክፍት ምንጭ ተመልሷል። ንድፉ ክፍት ነው፤ መለዋወጫውን የሚያመጣው ግን ንድፉ አይደለም።

ይህን ስል ፓተንት ይቅር ማለቴ አይደለም። አገራችን በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 123 ለፈጠራ ሕግ አውጥታለች። ለአነስተኛ ፈጠራም፣ ውጭ ያለውን ግኝት አገር ውስጥ ለሚያስገባም ቦታ አላት። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቁሟል። የማሽን ሱቅ ከፍቶ የእህል መውቂያ የሚያሻሽል ወጣት ከሥራው መብላት አለበት፤ እንደ ግሪን ለሁሉም አሳይቶ ሲያበቃ ማመልከቻ ከሚጽፍ አስቀድሞ ቢጽፍ ይሻለዋል። ሕይወት አድን የሆነውን ደግሞ እንደ አፍሪዴቭ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ይቻላል። ዋናው ነገር ውሳኔው ታስቦበት መደረጉ ነው፤ ሳይታሰብ የቀረ ፈጠራ ባለቤትም አያገኝ፣ ተጠቃሚም አያገኝ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ቲቲፒ የሚወጡ ልጆች የቆመ ፓምፕ ሲያዩ «አይሠራም» ብለው አይለፉ። የትኛው ክፍል እንዳለቀ፣ ከቆመ ስንት ወር እንደሆነው፣ መለዋወጫው የት ከተማ እንደሚገኝ ይመዝግቡ። መዝገቡን ለምህንድስናው ክፍል እንስጠው፤ ምን እዚሁ ሊሠራ እንደሚችል እነሱ ይንገሩን። አንጋፋ ሳኒታሪያኖቻችንም ያጎለበታችኋቸውን ምንጮች ስምና ቦታ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሚቀጥለው እትም እንፈልገዋለን።